«ደህና ነው ልጄ»



የዚህ ዕትም አዘጋጆች «ከየትምህርት ክፍላችሁ ለሌላው የሚጠቅም ነገር ጻፉልን» ሲሉን ብዙ አቅማማሁ። እኔ የጥርስ ሕክምና የ5ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሰው ስለ ጥርስ ማንበብ የሚያምረው ሌሊት ሲያመው ብቻ መሆኑንም አውቃለሁ። በመጨረሻ ግን ባለፈው ረመዷን የሠራሁትን አንድ ስሕተት ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። ለዶርም ጓደኞቼ እንኳ ሙሉውን አልነገርኳቸውም። ስሕተቱ እንዲገባችሁ ግን መንጋጋችን እንዴት እንደሚሠራና እኛ ተማሪዎች እንዴት እንደምንማረው አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ።

እስኪ አንድ ነገር ሞክሩ። የሁለት እጃችሁን ጠቋሚ ጣቶች ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት አሳርፉና አፋችሁን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ ከጣታችሁ ሥር ያለው አጥንት ባለበት ሲዞር ይሰማችኋል። የፊት ጥርሶቻችሁ 2 ወይም 2 ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪራራቁ ድረስ መንጋጋው እንደ በር በማጠፊያው ላይ ይዞራል። ከዚያ በላይ ስትከፍቱ ያ ጉብ ያለ የአጥንት ጫፍ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ፊትና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ጣታችሁም ስርጉድ ያለ ቦታ ያገኛል። አሁን ደግሞ መንጋጋችሁን ወደ ግራ ውሰዱት። የግራው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ባለበት ሲዞር፣ የቀኙ ወደ ፊት፣ ወደ ታችና ወደ ውስጥ ይሄዳል።

ሱብሓነላህ! ሁለቱ መገጣጠሚያዎች በአንድ አጥንት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ያለ ሌላው መንቀሳቀስ አይችልም። በአጥንቱና በጉድጓዱ መካከል ስስ ዲስክ አለ። የዲስኩ መካከለኛ ክፍል የደም ሥርም ነርቭም ስለሌለው ጫናውን ያለ ሕመም ይሸከማል። አንዳንዶቻችሁ ስታዛጉ «ቋ» የሚል ድምፅ የምትሰሙት ብዙ ጊዜ ይህ ዲስክ ወደ ፊት ሸሽቶ ከነበረበት አፍ ሲከፈት ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። ሕመም ከሌለውና አፍ መክፈት ካልከለከላችሁ ድምፁ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። ይህን የጨመርኩት ዶርም ውስጥ በየሳምንቱ ስለምጠየቅ ነው።

የእኛ ችግር ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ ከውጭ አለመታየቱ ነው። የላይኛውና የታችኛው ጥርሶች እንዴት እንደሚገጥሙ፣ ስናኝክ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ የሚያጠናውን ትምህርት ኦክሉዥን እንለዋለን። ተማሪ የሚፈራው ኮርስ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የሰው አፍ ደግሞ በጉንጭ ተሸፍኗል።

ለዚህ ነው ቀደምት የጥርስ ሐኪሞች መንጋጋን በመሣሪያ ለመምሰል የደከሙት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው አሜሪካዊ ዊልያም ቦንዊል የመንጋጋን ሁለት ጫፎችና የታችኛዎቹን የፊት ጥርሶች መካከለኛ ነጥብ በመስመር ሲያገናኛቸው እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሦስት ማዕዘን አገኘ፤ መሣሪያውንም በዚሁ ልክ ሠራ። እንግሊዛዊው ኖርማን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1908 መንጋጋ ወደ ጎን ሲሄድ ስለሚያደርገው እንቅስቃሴ ጻፈ፤ ዛሬም የምናጠናው አንድ ማዕዘን በስሙ ይጠራል። ስዊድናዊው ኡልፍ ፖሰልት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 የታችኛው የፊት ጥርስ ጫፍ ሊደርስበት የሚችለውን ድንበር ሁሉ በሥዕል አሳየ። የብረቱ መሣሪያ አርቲኩሌተር ይባላል። የታካሚው ጥርስ የጄሶ ቅጂ ከላይና ከታች ይታሰርበትና እንደ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኛ ክፍል ያሉት ለተማሪው ቁጥር አይበቁም፤ ጄሶውም አንዴ ከእጅ ካመለጠ ያልቅለታል። የመጀመሪያ ሞዴሌ የተሰበረው ፈተና ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር።

4ኛ ዓመት ስንገባ ግን የመለማመጃ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ላይ የመንጋጋ ፕሮግራም ተጫነልን። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በጀርመን የግራይፍስቫልድ ዩኒቨርሲቲ በርንድ ኮርዳስና ባልደረቦቹ ስለ «ቨርቹዋል አርቲኩሌተር» እ.ኤ.አ. በ2002 ጽፈው ነበር። ለእኔ ግን እንደ ተአምር ነበር። ስክሪኑ ላይ አጥንቱ እንደ መስታወት ያሳያል። በማውስ ጎትታችሁ አፉን ትከፍታላችሁ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትወስዱታላችሁ፤ ዲስኩ ከአጥንቱ ጋር አብሮ ሲሄድ ታያላችሁ። ጥርሶች ሲቀራረቡ አረንጓዴ፣ ሲነካኩ ቢጫ፣ አንዱ ሌላውን ሲጫን ቀይ ይሆናሉ። የጉድጓዱን ዝንባሌ ከ30 ዲግሪ ወደ 45 ስትቀይሩት የመንሸራተቻው መንገድ ቁልቁል ይሆንና በጎን እንቅስቃሴ ጊዜ የኋላ ጥርሶች ይበልጥ ሲራራቁ ታያላችሁ። ሦስት ሳምንት በመጽሐፍ ያልገባኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገባኝ።

ለሁለት ኮምፒውተር 12 ተማሪዎች ስለነበርን ተራ ለማግኘት ከፈጅር በኋላ የምሄድበት ጊዜ ነበር። ያበላሸሁትን ለመመለስ ኮንትሮል ዜድ መጫን ብቻ ይበቃኛል። ጥርስ ከመጠን በላይ ብሞርድ ይመለሳል፤ ሙሌት ባስረዝም ይመለሳል። የተግባር ፈተናው ጥያቄ እስካሁን ትዝ ይለኛል። በቀኝ በኩል ያለው የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ሙሌት ተደርጎለታል፤ መንጋጋው ወደ ግራ ሲሄድ የሚያውከውን ንክኪ ፈልጉ የሚል ነበር። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ አልሃምዱሊላህ አልኩ፤ ትንሽም ሳልኩራራ አልቀረሁም።

5ኛ ዓመት ክሊኒክ ገባን። ረመዷን አጋማሽ ላይ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው አንዲት እናት ወደ እኛ መጡ። ለጀመዓው ኢፍጧር ሳምቡሳ እየጠበሱ የሚያመጡልን ናቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም። የታችኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርሳቸው ተቦርቡሮ ለቀናት እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። «ሴት ካለች ሴት ትሁንልኝ» ስላሉ ለእኔ ተሰጡኝ። በጾም ጥርስ ስለማስሞላት ከመምጣታቸው በፊት በሰፈራቸው መስጂድ ጠይቀው ስለነበር ያሳሰባቸው ውሃው ብቻ ነበር። «ወደ ጉሮሮዬ እንዳታሳልፊብኝ ልጄ» አሉኝ። መምጠጫውን ከአፋቸው ሳልለይ፣ ልቤ እየመታ፣ ማደንዘዣ ወግቼ፣ የበሰበሰውን አውጥቼ ሞላሁት። ሲያልቅ ሙሌቱ ያምር ነበር።

ከሙሌት በኋላ ከፍ ያለ ቦታ እንዳይኖር በባለ ቀለም ወረቀት እንፈትሻለን። ወረቀቱ ስስ ነው፤ የእኛው 40 ማይክሮን ነው። ታካሚው ሲነክሰው ቀድሞ የሚነካው ቦታ ላይ ቀለም ይተዋል። «ይንከሱ፣ ይክፈቱ፣ ይንከሱ» አልኳቸው። ሰማያዊ ምልክቱን አየሁ፣ ትንሽ ሞረድኩ፣ ደገምኩ።

«አሁን ጥሩ ነው?»

«ደህና ነው ልጄ። አላህ ይስጥልኝ።»

እርሳቸው ይህን ሲሉ ግማሽ ከንፈራቸው ደንዝዟል፣ ወንበሩ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል፣ ከውጭ ሦስት ሰው ተራ ይጠብቃል። ወደ ጎን እንዲያንቀሳቅሱት አልጠየቅኳቸውም። መምህሬ የሙሌቱን ቅርጽ አይተው ፈረሙልኝ። ጥፋቱን በእርሳቸው አላሳብብም። ካርዱ ላይ «ንክሻ ተፈትሿል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ኢፍጧር ላይ አየኋቸው። እኛ የእርሳቸውን ሳምቡሳ እየቆረጠምን እርሳቸው ግን የራሳቸውን ድርሻ ቆርሰው ሾርባ ውስጥ ያርሱ ነበር። ተጠግቼ ተቀመጥኩ።

«እናቴ፣ ያመዎታል እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለም፣ ደህና ነው ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ያርሱታል?»

«አዲስ ጥርስ አይደል፣ እስኪለምድ ነው።»

አልተውኳቸውም። ደግሜ ስጠይቃቸው ዞር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። «ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። ያንን ላለመንካት በግራዬ ነው የማኝከው፤ የሚያመኝ ግን በቀኜ። ይህን ብናገር ማን ያምነኛል?» ቀጠል አድርገው ደግሞ፣ «ተማሪ ነሽ፤ ነጥብ ይቀንሱብሻል ብዬ ነው» አሉ።

በእጄ የያዝኩት ቴምር አልዋጥ አለኝ። ነገሩ የፈተናው ጥያቄ ነበር። ሰው በግራው ሲያኝክ መንጋጋው ወደ ግራ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ በቀኝ በኩል ያሉት የኋላ ጥርሶች መራራቅ አለባቸው። የእኔ ሙሌት ግን በጥርሱ የውጭ ጉብታ የውስጥ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ወፍሮ ቀርቷል። ስለዚህ እናታችን በግራ ባኘኩ ቁጥር በቀኝ ያለው ጥርሳቸው ከላይኛው ጋር ይጋጫል። ቀጥ አድርገው ሲነክሱ አይነካም፤ እኔ ደግሞ የፈተሽኩት ቀጥታውን ብቻ ነው። በስክሪን ላይ በሁለት ደቂቃ ያገኘሁትን ቀይ ነጥብ በሰው አፍ ውስጥ ትቼው መጥቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጾመው ውለው፣ ሲያፈጥሩም በሕመም በልተዋል።

በማግስቱ ጠዋት መምህሬን ይዤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «እስኪ ቁጭ አድርጊያቸው» አሉኝ፤ ሰው የሚበላው ተኝቶ አይደለምና። ማደንዘዣም አልነበረም። ከዚያ ወረቀቱን ሳላነሳ፣ «ምልክቱ የት እንደሚወጣ አስቀድመሽ ንገሪኝ» አሉ። ዓይኔን ጨፍኜ የፕሮግራሙን ስክሪን አሰብኩ። መንጋጋውን በሐሳቤ ወደ ግራ ወሰድኩትና ቦታውን በጣቴ አሳየሁ። መጀመሪያ በቀይ ወረቀት ወደ ግራና ወደ ቀኝ አስፈጨናቸው፤ ቀጥሎ በሰማያዊ ቀጥ አድርገው ነከሱ። ሰማያዊ ያልደረሰበት፣ ቀይ ብቻ የሆነ ትንሽ ምልክት ካልኩት ቦታ ላይ ወጣ። ፕሮግራሙ ባያስተምረኝ ኖሮ የእናታችን አቤቱታ ለእኔም እንቆቅልሽ ይሆንብኝ ነበር።

ከመሞረዴ በፊት ግን ሌላ ስሕተት ልጨምር ነበር። የሚጋጨው የላይኛው ጥርስ ጫፉ ሾል ያለ ስለነበር «ከላይኛው ትንሽ ብቀንስስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ፕሮግራሙ ላይ እንደዚያ ማድረግ ለምዶብኛል፤ የትኛውም ቢቀነስ ቀዩ ይጠፋል። መምህሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሌቱ ያንቺ ነው፤ ጥርሱ የእርሳቸው ነው። ከራስሽ ቀንሺ» አሉኝ። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ኢናሜል የምንለው፣ አንዴ ከተሞረደ አይበቅልም። ኮንትሮል ዜድ የለውም። ከሙሌቱ ሦስት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ አድርጌ ሞረድኩ። እናታችን ወደ ግራ ፈጩ፣ ወደ ቀኝ ፈጩ፣ ቆም ብለው እንደገና ወደ ግራ ፈጩ። «አሁን ገና አፌ ሆነ» አሉ።

ያን ዕለት ካርዱ ላይ «በመጀመሪያው ቀን የጎን እንቅስቃሴ አልተፈተሸም» ብዬ ጻፍኩ። ያንን «ተፈትሿል» የሚለውን ቃል እንዳለ መተው እችል ነበር፤ ማንም አያይብኝም። ግን የሰው አካል አማና ነው፤ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያምነውም ወረቀቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ፕሮግራሙ ስመለስ በፊት ያላየኋቸውን ነገሮች ማየት ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ ጥርስ በጥርስ ውስጥ ያልፋል፤ ቀይ ይሆናል እንጂ መንገዱን አይቀይርም። እውነተኛ መንጋጋ ግን ጡንቻና ነርቭ አለው፤ የሚያመውን ቦታ ለመሸሽ አካሄዱን ያጣምማል፣ ጡንቻውም ይደክማል። የስክሪኑ ጥርስ አጥንት ላይ እንደ ሚስማር ተተክሏል፤ የእኛ ጥርስ ግን ስስ በሆነ ጅማት የተያዘ ስለሆነ ስንነክስ በጥቂቱ ይሰጣል። ፕሮግራሙ የሚነሳው ከአማካይ ቁጥር ነው፤ የጉድጓዱ ዝንባሌ 30 ዲግሪ፣ የቤኔት ማዕዘን 15 ዲግሪ፣ ግራና ቀኙ እኩል። ለዓመታት ጫት በአንድ ጉንጩ ሲይዝ የኖረ ሰው፣ ወይም በአንድ በኩል ጥርሶቹን ያጣ ሰው፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው ብሎ መነሳት አይቻልም። ይህን ሁሉ መምህራኖቻችን ነግረውናል፤ እኔ ነኝ በውጤቴ ተደስቼ ያልሰማሁት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ይሉኝታ የለውም። ንክኪ ካለ ወዲያው ቀይ ያበራል። እናታችን ግን ሐኪሟ እንዳትቀጣ ብለው ሕመማቸውን ዋጡ። እኛ አገር ክሊኒክ ውስጥ «ደህና ነው» ማለት ብዙ ጊዜ «አመሰግናለሁ» ማለት ነው፤ አንዳንዴም «አላስቸግርሽ» ማለት ነው። እኔ ምርመራ ያልቃል ብዬ ያሰብኩት እዚያ ቃል ላይ ነበር።

አሁን 4ኛ ዓመቶችን ፕሮግራሙን ሳለማምድ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ማውሱን ከመንካታቸው በፊት ጣታቸውን ከጆሯቸው ፊት አስቀምጠው የራሳቸውን መንጋጋ እንዲሰሙት አደርጋለሁ። ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ታካሚ ይሆናል። የትኛው ጥርስ ከፍ እንዳለበት ለእርሱ ብቻ በጆሮው እነግረዋለሁ፤ «ጥሩ ነው?» ብለው ሲጠይቁት «ደህና ነው» እንዲል ታዟል። እውነቱን የሚናገረው በትክክል ሲጠየቅ ብቻ ነው፦ «የትኛው ጥርስ ቀድሞ ይነካል? በግራ ሲያኝኩ ቀኙ ይሰማዎታል? ወደ ጎን ሲያንሸራትቱት የሚያደናቅፍ ነገር አለ?» መጀመሪያ ይስቃሉ። አብዛኞቹ ግን ፕሮግራሙን ጨርሰው እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ልክ እንደ እኔ። እኔ ራሴ ደግሞ ማደንዘዣ የወጋሁትን ታካሚ ስልክ ሳልቀበል አልሸኝም። በማግስቱ እደውላለሁ፤ በረመዷን ከሆነ ከኢፍጧር በኋላ፣ ሰው እውነተኛ ምግብ ካኘከ በኋላ።

እናንተም አንድ ነገር አግዙን። ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ስትመጡ ወይም እናት አባቶቻችሁን ስታመጡ፣ ማደንዘዣው ከለቀቀ በኋላ ቀድሞ የሚነካ፣ ስትነክሱ የሚወጋ ወይም በሌላው በኩል ስታኝኩ የሚያም ጥርስ ካለ «እስኪለምድ» ብላችሁ አትተዉት፤ ተመልሳችሁ ንገሩን። ከፍ ያለ ሙሌት ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዝም ስትሉ የተማሪውን ነጥብ ታድኑ ይሆናል፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ታካሚ ግን ለዚያው ስሕተት ትተዉታላችሁ።

የረመዷን የመጨረሻ ሳምንት ላይ እናታችን እንደ ልማዳቸው ሳምቡሳ ይዘው መጡ። ከአጠገቤ ተቀምጠው አንዱን አንስተው ሾርባ ሳያስነኩ በቀኛቸው ቆረጠሙት፤ ድምፁ ተሰማኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ነጥብ ቀነሱብሽ እንዴ?»

በእርግጥ ተቀንሶብኝ ነበር።

«ደህና ነው እናቴ» አልኳቸው።